ኩይሳውን ጠይቀኸዋል?

ልጄ፣ የላክኸውን ፕላን አየሁት። ዓይኔ እንደ ድሮው ስላልሆነ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ መስኮቱ ሥር ዘርግቼ በማጉያ መነጽር እየተከተልኩ ነው ያነበብኩት። ባለ አራት ፎቅ፣ ከታች ሱቅ፣ ከላይ ቢሮ፣ ከዋናው የደሴ መንገድ ፊት ለፊት። መስመሩ የቀና፣ ቁጥሩ የጠራ ነው። አላህ እጅህን ይባርከው። ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተመረቅህ ዕለት አያትህ እልል ብላ «እንግዲህ ቤታችን አያፈስም» ማለቷ ትዝ አለኝ። (የጓዳው ጣሪያ አሁንም ያፈሳል፤ እሱን ሌላ ቀን እናወራለን።)

ነገር ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች መስተዋት አልብሰኸዋል፤ ፊቱንም ወደ ምዕራብ አዙረኸዋል። ይህ እኮ ከሚሴ ነው። በግንቦት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚያ መስተዋት ጀርባ ተቀምጣ ደብዳቤ የምትጽፈውን ልጅ አስበሃታል? በስልክ ስጠይቅህ «ባለቤቱ አዲስ አበባ ያየውን ነው የሚፈልገው፤ ሙቀቱን በኤሲ እንመታዋለን» አልከኝ። አባቶቻችን ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ይህን ነው። መጀመሪያ በገንዘብህ ሙቀት ትገዛለህ፤ ቀጥለህ የገዛኸውን ሙቀት ለማስወጣት በየወሩ የመብራት ትከፍላለህ። መብራት የጠፋ ቀንስ ምን ልትሆን ነው?

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። አንተ ግን ምከረኝ ብለህ በራስህ አፍ ስለጠየቅኸኝ መከራው ይቆየን። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠመኔ ይዤ ሳይንስ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ዛሬም ሰሌዳ ፊት የቆምኩ እየመሰለኝ ነገር አረዝማለሁ፤ ታገሰኝ። የማነሣልህ የመስተዋቱን ነገር ብቻ አይደለም፤ ከማን እንደምንኮርጅና ምኑን እንደምንኮርጅ ነው። ፈተና ላይ ካልሆነ በቀር መኮረጅ ነውር የለውም። ሰው ሲፈጠርም ኮራጅ ነው።

ቁርኣን ቤት ሳለህ የሰማኸውን የአደም ልጆች ታሪክ አስታውስ። ቃቢል ወንድሙን ሀቢልን ገድሎ ሬሳውን የሚያደርግበት ጠፋው። አላህ ቁራ ላከለት፤ ቁራው መሬቱን ጫረ፤ ገዳዩም አይቶ መቅበርን ተማረ። ሰው ይህን ታሪክ የሚያነሣው ስለ ቅናትና ስለ ጸጸት ነው፤ ልክ ነው። እኔን ግን አስተማሪነቴ ይሆናል ሌላ ነገር ይገርመኛል። ቃቢል ከቁራው ምንቃር አልተዋሰም፤ ላባም አልለበሰም። የወሰደው ሥራውን ነው፤ መጫርን፣ መሸፈንን። መልኩን ትቶ ብልሃቱን ቀዳ። ነፍሰ ገዳዩ ይህን ከለየ የተመረቀ መሐንዲስ እንዴት ያቅተዋል?

ብልሃቱን መቅዳት ደግሞ ጊዜ ይጠይቃል። ልጅ ሳለህ ፍየል ጠብቀህ ስትመለስ ከቁምጣህ ላይ ጭጎጎት ስለቅም የምታለቅሰው ትዝ ይልሃል? እኔ ስለቅም፣ አንተ ስታለቅስ፣ ሁለታችንም ያንን ፍሬ ስንረግም ኖርን። እ.ኤ.አ. በ1941 ዦርዥ ደ ሜስትራል የሚባል ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ውሻውን ይዞ ሲንሸራሸር የእኛው ዓይነት ነገር ገጠመው። እሱ አልረገመም። ፍሬውን ወስዶ በማይክሮስኮፕ አየውና ጫፉ ላይ ሺህ ጥቃቅን መንጠቆ አገኘ። ይህን በናይሎን ልሥራ ብሎ ተነሣ፤ ሆኖም የባለቤትነት መብቱን ያገኘው በ1955 ነው። አስራ አራት ዓመት! ዛሬ ሰንበቴ ገበያ በምትገዛው ነጠላ ጫማ ላይ ጨርር እያለ የሚላቀቀው ማሰሪያ ያ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ልጅ ስታስታግስ ብቻ አትጠቀምበት። አንተ ይህን ፕላን በስንት ሳምንት ነበር የጨረስከው?

አባቴ፣ ማለትም የአንተ ቅድመ አያት፣ ፊደል አልቆጠረም። ቤት ሲሠራ ግን ለምሰሶ የሚሆነውን ባላ ፍለጋ ሁለት ቀን ጫካ ያድር ነበር። ሁለት እንጨት በሚስማር ከማጋጠም ዛፉ ራሱ ያጋጠመውን ሹካ ይመርጣል። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ዛፉ ለራሱ የሠራውን እኔ ለምን እደግመዋለሁ?» አለኝ። ብዙ ዘመን የሽማግሌ ዘዬ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ክላውስ ማቴክ የሚባል ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ካርልስሩኸ በሚገኝ የምርምር ማዕከል ዕድሜውን የፈጀው በዚሁ ነገር መሆኑን አየሁ። ዛፍ ጫና በበዛበት ቦታ አካሉን ያወፍራል፤ ጫና በሌለበት አያባክንም፤ የቅርንጫፉ ጭረት ከግንዱ ጭረት ጋር ሳይቆረጥ ይያያዛል። ማቴክ ይህን ደንብ ወደ ማሽን ክፍሎች አመጣው፤ ቀለል ያሉና ቶሎ የማይሰነጠቁ ሆኑ። አባቴ ይህን ቢሰማ «ታዲያ ለዚህ ጀርመን ድረስ ምን አስኬደው?» ይል ነበር።

አሁን ወደ ኩይሳው ልምጣ።

ከጓሮአችን ከግራሩ ሥር ያለውን ኩይሳ ታውቀዋለህ፤ አንተ ሳትወለድ የነበረ ነው። እኔ ስንት ጊዜ ላፈርሰው አስቤ አያትህ ከለከለችኝ። የምስጥ ነገር ለእኛ የቤት ጠላት ነው፤ ጣውላ ይበላል፣ መጽሐፍ ይበላል፣ የእኔን የመምህርነት የምስክር ወረቀት ሳይቀር በልቷል። በዚያ አፈር ውስጥ ግን ስፍር ቁጥር የሌለው ነፍስ በጨለማ ይኖራል፤ ከእንጨትና ከሣር ቅሪት ላይ ፈንገስ እያረባ የሚመገብ ወገንም አለው። ይህ ሁሉ ሲተነፍስ ታፍኖ አያልቅም። መስኮት የለውም፣ ማራገቢያ የለውም፣ መብራት አይከፍልም።

ዚምባብዌያዊው አርክቴክት ሚክ ፒርስ ይህን አይቶ ነው ሐራሬ ላይ ኢስትጌት የሚባለውን የንግድና የቢሮ ሕንፃ የነደፈው፤ ሕንፃው በ1996 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። እንደ ሌላው ሕንፃ አየር የሚያቀዘቅዝ ትልቅ ማሽን የለውም። ግድግዳውና ወለሉ ወፍራም ጡብና ኮንክሪት ነው። ሌሊት ማራገቢያዎች ቀዝቃዛውን የውጭ አየር በወለሉ ውስጥ ባሉ ክፍተቶች ያስገቡታል፤ ኮንክሪቱ ይቀዘቅዛል። ቀን ሰውና ፀሐይ የሚያመጡትን ሙቀት ያ የቀዘቀዘ ኮንክሪት ይጠጣዋል፤ የሞቀው አየር በጣሪያው ላይ በተደረደሩት ጭስ መውጫዎች ይወጣል። አንተን የሚመለከተው ቁም ነገር ደግሞ ይኸውልህ፦ ፀሐይ በምትበረታበት ፊቱ መስተዋቱ ከግድግዳው ሩብ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነው የተሠራው። እዚያ የሚበረታው ሰሜኑ ነው፤ ከምድር ወገብ በታች ናቸውና። አንተ ጋ ምዕራቡ ነው፤ አንተም ሩብ ሳይሆን አራት ሩብ አድርገኸዋል።

ይህን ስትሰማ «በቃ፣ እንደ ሐራሬ ልሥራ» ብለህ እንዳትነሣ። ወሬው እዚህ አያልቅም። ፒርስ በዘመኑ የተረዳው ኩይሳ ሞቃት አየር በላይ እንደሚያስወጣ ጭስ ማውጫ መሆኑን ነበር። ስኮት ተርነርና ሩፐርት ሶር የሚባሉ ተመራማሪዎች ቆይተው ኩይሳውን በሚገባ ሲመረምሩት ሌላ ነገር አገኙ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ጻፉት። ኩይሳ ከጭስ ማውጫ ይልቅ ሳንባን ነው የሚመስለው፤ ነፋሱ ሲመታውና ሲተወው በውስጡ ያለው አየር እየተነቀነቀ ይለዋወጣል። የጎጆውን ሙቀትም የሚያረጋጋው በአብዛኛው ዙሪያው ያለው መሬት ነው። እንግዲህ ሕንፃው ይሠራል፤ የተሠራበት ትምህርት ግን ግማሽ ነበር። ይህ ፒርስን አያሳፍረውም፤ ጥሩ ተማሪ ግማሹን ተምሮ ይሠራል፣ ሌላው ሲገለጥለት ያርማል። የሚያሳፍረው እንደ ሞኝና ወረቀት የያዙትን አለመልቀቅ ነው። ስለ ምስጥ ገና ያልተነካ ትምህርት ካለ ደግሞ፣ እሱን የሚማረው ጓሮው ውስጥ ኩይሳ ያለው ሰው ቢሆን ደስ ይለኛል።

ሐራሬ ሩቅ ነው ካልክ ሾንኬ ቅርብ ነው። ከከሚሴ ብዙ ሳትርቅ፣ ደዋ ጨፋ ወረዳ ውስጥ፣ ተራራው ጫፍ ላይ የአርጎባ ወንድሞቻችን መንደር። ዕድሜው ከ900 ዓመት በላይ ነው ይባላል። በልጅነትህ ወስጄህ በእግርህ አልወጣም ብለህ በጀርባዬ ነው የወጣኸው፤ ስለዚህ አላየኸውም፣ ተኝተህ ነበር። ቤቱ ሁሉ ድንጋይ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ ዝቅ ያለ፣ ጣሪያው እንጨት ላይ አፈር የተደለደለበት ጠፍጣፋ። ቤቶቹ ገደሉን ተደግፈው እርስ በርስ ተጠጋግተዋል። ሁልጊዜ ሳየው ሽኮኮ ነው ትዝ የሚለኝ፤ ቀን ከዓለት ስንጥቅ ጥላ ገብታ፣ ጠዋት ወጥታ ፀሐይ የምትሞቀው ሽኮኮ። ሠሪዎቹ ከሽኮኮ ተማሩ ብዬ አልምልልህም። ያ ድንጋይ ግን ቀን የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይጠጣል፣ ወደ ውስጥ ሳያደርሰው ይመሻል። ፒርስ በኮንክሪት የሠራውን ሾንኬዎች በድንጋይና በአፈር ከሠሩት ዘመናት ተቆጥረዋል። ዛሬ እኛ ከተራራው ሥር በቆርቆሮ ክዳን ሥር ቀትር ላይ እንቀቀላለን፤ ሽቅብ አንጋጠን ደግሞ «ኋላቀር ቤት» እንላለን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

እንደ ሾንኬ ድንጋይ ከምር አላልኩህም። ለባለ አራት ፎቅ ሱቅ አይሆንም፤ ድንጋይ ጠራቢውም ዋጋውም ሌላ ነው። የምልህ ከመቅዳትህ በፊት የራስህን ሌሊት ለካ ነው። የኢስትጌት ብልሃት የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ በደንብ መቀዝቀዝ አለበት። ሐራሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,490 ሜትር ገደማ ናት፤ ከሚሴም 1,400ን አልፋለች። በካርታ እኅትማማች ይመስላሉ። ግን የእኛ ሌሊት ስንት ዲግሪ ይወርዳል? በየትኛው ወር? አላውቀውም ካልክ ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች የሚለውን ረስተሃል፤ የሌላ አገር ወፍ ድምፅ ነው የምታሰማን።

ስለ ወፍ ካነሣን ቦርከና ወንዝ ዳር ቆሜ የማያት አንዲት ወፍ አለች፤ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ረጅም ምንቃር ያላት ዓሣ አጥማጅ። ከላይ እንደ ድንጋይ ትወርዳለች፣ ውሃው ግን ብዙም አይረጭም። ጃፓን ውስጥ ኤጂ ናካትሱ የሚባል የባቡር መሐንዲስ፣ ወፍ መመልከት የሚወድ ሰው፣ ፈጣኑ ባቡር ከዋሻ ሲወጣ እንደ መድፍ የሚጮኸውን ነገር የፈታው በዚህች ወፍ ዘመድ ነው። ባቡሩ ወደ ዋሻ ሲገባ ፊቱ ያለውን አየር እየገፋ ያጨናንቀዋል፤ ወፏ ደግሞ ከስስ አየር ወደ ወፍራም ውሃ ሳትንገጫገጭ ትገባለች። አፍንጫውን እንደ ምንቃሯ አሾለው፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሥራ ጀመረ፤ ጩኸቱ በረደ፣ የሚፈጀው ኤሌክትሪክም ቀነሰ። ከላይ ገመድ የሚነካው ክንዱ ላይ ደግሞ የጉጉትን ላባ ብልሃት ጨመረበት፤ ጉጉት ድምፅ ሳታሰማ ነው የምትበረው። እኛ ጉጉት ስናይ ሟርት ነው ብለን ድንጋይ እንወረውራለን። በእኛ ሸለቆ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው ሐዲድም ዋሻ አያጣውም፤ ፉጨቱን ጠግበን የምንሰማበትን ቀን አላህ ያድርሰን እንጂ።

ግማሽ አይቶ የተነሣ ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ ከአንዳሉስ ልንገርህ። በዘጠነኛው መቶ ዘመን ቆርዶባ ውስጥ ዓባስ ኢብን ፊርናስ የሚባል ሊቅ ነበር፤ በ887 እ.ኤ.አ. ነው የሞተው። መስተዋት መሥራት ያውቃል፣ ግጥም ይገጥማል፣ ከዋክብት ይመለከታል። እንደሚተረከው አንድ ቀን ሰውነቱን ላባ አልብሶ፣ ክንፍ አበጅቶ፣ ከከፍታ ላይ ተወርውሮ ጥቂት ርቀት በረረ። ሲያርፍ ግን ጀርባው ተጎዳ። ከብዙ ዘመን በኋላ ታሪኩን የጻፈው አል-መቀሪ ምክንያቱን ሲያስቀምጥ፣ ወፍ ስታርፍ በጭራዋ እንደምትረዳ አላስተዋለም፣ ጭራ አልሠራም አለ። አየህ? ሁሉም ክንፉን ያያል፤ ክንፍ ያምራል። ጭራውን የሚያይ የለም። ዶሮ ከቆጥ ስትወርድ ጭራዋን እንዴት እንደምትዘረጋ ለማየት ግን ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ ሽመላን ዓመታት ቁጭ ብሎ ተመለከተ፤ በ1889 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ጻፈበት፤ ብዙ ጊዜም በሠራው ክንፍ በረረ። እሱም በ1896 ወድቆ ሞተ፤ ሆኖም ራይት ወንድማማቾች በ1903 ሲነሡ የእሱን መዝገብ አንብበው ነው። ያ ሽመላ በበጋ ጨፋ ረግረግ ላይ የምታየው ነው። ከአውሮፓ መጥቶ እኛ ዘንድ ይከርማል፤ ማን እንደሆነ ጠይቀነው አናውቅም።

በአንተ ሕንፃ ላይ ጭራው የቱ ነው? ፕላንህን ገልጬ ገልጬ ያጣሁት እሱን ነው። ፊቱ አለ፣ መግቢያው አለ፣ ባለቤቱ ለሰው የሚያሳየው ሁሉ አለ። የሽንት ቤቱና የእጅ መታጠቢያው ውሃ ግን በአንዲት ቀጭን መስመር ወደ ቦዩ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ያልቃል። ቦዩስ የት ይሄዳል ልጄ? ወደ ቦርከና። ቦርከናስ? ወደ ጨፋ።

እስቲ ጨፋን እንየው፤ እኔ ከምስጡም ከወፉም ይልቅ የምወደው እሱን ነው። ቦርከና ከደሴ በላይ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ የከተማውንም የፋብሪካውንም ጣጣ ተሸክሞ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው። ክረምት ላይ እንደ ቡና አተላ ይሆናል። ጨፋ ሲገባ ግን ሜዳው ያስተኛዋል። ሩጫው ይቀዘቅዛል፤ ደለሉ ይዘቅጣል፤ ፊላው፣ ሸምበቆው፣ ደንገሉ ይቀበሉታል። ፊላ በግንዱ ውስጥ ባሉ ክፍተቶች አየር ወደ ሥሩ ይልካል፤ ሥሩ ዙሪያ ያሉት ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ያንን አየር እየተነፈሱ ቆሻሻውን ይበላሉ፤ ተክሉ ደግሞ የተረፈውን ማዳበሪያ ይወስዳል። ካልደፈረሰ አይጠራም ይባል የለ? በቦርከና ላይ ይህ ተረት በፊላ ሥር የሚፈጸም ሥራ ነው። በኦሮምኛችን ጨፌ ማለት ይህ እርጥብ መስክ ነው፤ ሽማግሌ ለምክር የሚቀመጥበትም እሱ ስለነበር የኦሮሚያ ምክር ቤት ጨፌ ተብሏል። ውሃውም ሰውም ሲደፈርስ የሚጠራው አንድ ቦታ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ኬቴ ዛይደል የምትባል ጀርመናዊት ተመራማሪ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንስታ ይህንኑ ሥራ ስትመረምር ኖረች፤ ብዙዎች ተክል ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ይሞታል ሲሏት እየተከለች አሳየቻቸው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሰው እጅ የሚሠራ ረግረግ አለ፤ በአገራችንም የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቆዳ ፋብሪካ በሚወጣ ውሃ ላይ ሞክረውታል። አሠራሩ ሚስጥር የለውም። መጀመሪያ ውሃው በጋን ውስጥ ዐርፎ ዝቃጩን ይጥላል። ቀጥሎ ከታች ውሃ በማያሳልፍ ነገር የተለበጠ ጉድጓድ ጠጠር ይሞላል፣ ጠጠሩ ላይ ፊላ ይተከላል፣ ውሃው ከጠጠሩ በታች ቀስ እያለ ያልፋል። ከጠጠሩ በላይ እንዳይታይ አደራ፤ እኛ ቆላ ነን፣ የወባ ትንኝ ውሃ ካየች ትሰፍራለች። ከሕንፃህ ጀርባ መኪና ማቆሚያ ብለህ ከጻፍክበት ላይ ቦታ ቀንስለት። ስፋቱን በሰው ቁጥር አስላው፤ እሱ የአንተ ሙያ ነው።

ጨፋ ግን ሁሉን አይችልም። የሰውን ቆሻሻ ነፍሳቱ ይበሉታል፤ ከፋብሪካ የሚመጣ ከባድ ብረት ግን አይበላም፣ ጭቃውና ሥሩ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ከብት ይግጠዋል። በበጋ ከእኛ ከብት ሌላ የአፋር ወንድሞቻችንም ግመሉንና ላሙን ይዘው ወደዚህ መስክ ነው የሚመጡት። በላዩ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየታረሰ ሲጠብ አያለሁ። አስተማሪውን እየገደሉ ትምህርቱን መቅዳት እንዴት ያለ ነገር ነው? የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል።

ባለፈው ስለ ዋርካው ማማ ጠይቀኸኝ ነበር፤ እሱን ሳልመልስልህ አልዘጋም። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ቪቶሪ አገራችንን አይቶ፣ ሴቶች ለውሃ የሚሄዱትን መንገድ አይቶ፣ ከቀርከሃና ከመረብ ማማ ሠራ። ስሙን የወሰደው ሰው ከጥላው ሥር ከሚሰበሰብበት ከእኛው ዋርካ ነው። ጤዛ፣ ጉምና ዝናብ በመረቡ ይያዛል፣ ወደ ማጠራቀሚያው ይንጠባጠባል፤ ጉም በጀርባዋ የምትለቅም የናሚብ በረሃ ጢንዚዛ ከአስተማሪዎቹ አንዷ ናት። በ2015 እ.ኤ.አ. ዶርዜ ላይ አቁሞታል። ሐሳቡን አከብራለሁ። ዶርዜ ግን ደጋ ነው፣ ጉም ጎረቤቱ ነው። የዶርዜ ሰው ራሱ የዝሆን ፊት የሚመስል ቤት ከቀርከሃ የሚሠራ ጥበበኛ ነው፤ ምስጥ ታችውን ሲበላው ቆርጦ ዝቅ ያደርገዋል፣ ሲያሻው ቤቱን አንሥቶ ይዞ ይሄዳል። ከምስጥ ጋር እንዲህ ተደራድሮ የሚኖር ሰው ሌላ የት አለ? እዚህ ከሚሴ ያን ማማ ብናቆም ግን በበጋ ምን ሊይዝልን ነው? ላም አለኝ በሰማይ ይሆንብናል። የእኛን ውሃ ተራራው ላይ ባለው ዛፍና በክረምቱ ጎርፍ ውስጥ ፈልገው።

ለባለቤቱ ምን ትለዋለህ? እሱ የሚፈራው ሕንፃው የገጠር እንዳይመስልበት ነው፤ እፍረቱን አትናቅበት፣ ገንዘቡ የእሱ ነው። በሁለት ወረቀት አሳየው። አንዱ ላይ የመስተዋቱን ዋጋ፣ የኤሲውን ዋጋና የአስር ዓመቱን የመብራት ክፍያ ደምርለት። ሌላው ላይ ምዕራቡን በወፍራም ግድግዳና በጠባብ መስኮት፣ በፀሐይ መከለያ፣ ደረጃውን እንደ ጭስ መውጫ አድርገህ ሠርተህ ደምርለት። ነጋዴ ነው፤ ከእኔ ተረት ይልቅ የአንተ ድምር ይገባዋል።

ለድምሩ የሚሆን አንድ ነገር ጀምሬልሃለሁ። ከማስተማሪያ ዕቃዬ የተረፈውን ቴርሞሜትር በረንዳው ላይ፣ ጥላ ሥር ሰቅዬዋለሁ። ሌሊት ለሶላት ስነሣ አነበዋለሁ፣ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሜ አነበዋለሁ፤ አያትህ «ይኼ ሰውዬ ከግድግዳ ጋር ያወራል» ትላለች። እስካሁን ሰባት ሌሊት ጽፌአለሁ፤ ሰባት ሌሊት ደግሞ ዓመት አይደለም። እሑድ በሰንበቴ መኪና ናና ሾንኬ እንውጣ። ጉልበቴ እስከ ግማሽ ያደርሰኛል፤ ከግማሹ በላይ የአንተ ተራ ነው፣ ዕዳህን ትከፍላለህ። የሾንኬ ሰዎች ከፈቀዱልን አንዱን ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ፣ አንዱን ደጅ እንሰቅላለን። የእኔ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ከኮምቦልቻ ገዝተህ ና።